የኦሲሎስኮፕ የፊት ፓኔል ፈትቼ መልሼ ስገጥመው እምቢ አለኝ

ሽቦ_በሽቦ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አንድ የድሮ ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሲግናልን በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) አለኝ ስክሪኑ ገና ሲአርቲ (እንደ ድሮ ቲቪ ወፍራም የመስታወት ቱቦ) የሆነው፣ ቁልፎቹ ሁለቴ ሶስቴ ካልተጫኑ አይሰሩም ነበርና ፓኔሉን ፈትቼ ከቁልፎቹ ስር ያለውን ላስቲክም ቦርዱንም አጸዳሁት። እስከዚህ ምንም አልነበረም። ስፈታው ግን ፎቶ አላነሳሁም (አውቃለሁ፣ አትሳደቡኝ) አሁን ፓኔሉ በአንድ ጎኑ 2 ሚሊሜትር ያህል ክፍት ይቀራል፣ በብሎን ሳጠብቀው ደግሞ የሜኑ ቁልፉን ሳልነካው እንደተጫነ ይቆጥረውና ሜኑው ይወጣል ይገባል። አንዱ ኖብ ሲዞር ፓኔሉን ይፍቃል። ብሎኖቹም ሁለት አይነት ርዝመት አላቸው የቱ የት እንደነበር ጠፋኝ። ዝም ብዬ ላጥብቀው?

ቮልት፦
ወንድሜ ኧረ እንዳታጠብቀው! ክፍተት ካለ ከውስጥ የያዘው ነገር አለ። እኔ መጀመሪያ የማየው የፓወር በተኑን ረጅም የፕላስቲክ ዘንግ ነው፣ ቀዳዳውን ስቶ ፓኔሉን ከኋላ ይገፋዋል። ቀጥሎ ፍላት ኬብሉ ታጥፎ መሀል ገብቶ እንዳይሆን። የቢኤንሲ ሶኬቶቹ (የመለኪያ ገመዱ የሚሰካባቸው ክቦቹ) ዳዶ ያላቸው ከሆኑ ደግሞ ፓኔሉ ቦታውን ሳይዝ ዳዶውን እንዳታጠብቅ፣ ሶኬቱ ሲጎተት ዋናው ቦርድ ላይ ያለው ሶልደር ይሰነጠቃል፣ እኔ ላይ ደርሷል፣ ቻናል ሁለት ሲነካ ብቻ የሚሰራ ሆኖ ስንት ቀን አንከራተተኝ።
ብሎኖቹን በስቴኪኒ ለይ፣ ቀዳዳው ውስጥ ከተህ ጥልቀቱን ለካ። ረጅሙ አጭር ቀዳዳ ውስጥ ከገባ ጫፉ መጨረሻው ላይ ይቆምና የጠበቀ ይመስልሃል፣ ቦርዱ ግን ልቅ ነው። ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባ ብሎን ደግሞ መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙረው፣ ቀጭ ብሎ የድሮ ጥርሱ ውስጥ ሲወድቅ ይሰማሃል፣ ከዛ በእጅህ አጥብቅ፣ በድሪል አይደለም።

ካርቦን፦
የሜኑ ቁልፉ የላስቲኩ ጣጣ ነው የሚመስለኝ። ላስቲኩ ላይ ያሉት ትናንሽ ጆሮዎች በቦርዱ ቀዳዳ በኩል በደንብ ካልወጡ ላስቲኩ ያብጥና ከስሩ ያለው ጥቁሩ ካርቦን የቦርዱን መስመሮች ሁሌ ይነካል። ከማጥበቅህ በፊት ሁሉንም ቁልፍ በጣትህ ሞክር፣ እኩል መመለስ አለባቸው። በአልኮል ካጸዳኸው ከላስቲኩ ስር በደንብ ይድረቅ፣ ካርቦኑን ደግሞ ፈግፍገህ ከሆነ ያው ልታነሳው ትችላለህ ቀስ በል።
ኖቡ ቀላል ነው፣ ከስሩ ቀጭን ካርቶን አድርገህ ግፋውና ካርቶኑን አውጣ፣ ክፍተት ይቀርለታል።

ዝም_ያለ_ሽቦ፦
ማንም አላነሳውም እንጂ ሲአርቲ ነው ያላችሁት። ከሶኬት ነቅሎ ወዲያው እጅ መክተት አይደለም፣ የስክሪኑ አኖድ (ከፍተኛው ቮልት የሚገባበት ቦታ) በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ይቆያል። ፓኔሉ ተፈቶ እያለ እየበራ አይሞከር። ያንን ወፍራም ቀይ ሽቦና የላስቲክ ኮፍያውን አትንኩ።

ሽቦ_በሽቦ፦
ወንድሜ ሳይሆን እህታችሁ ነኝ 😄 ግን አመሰግናለሁ። የፓወሩ ዘንግ ነበር!! ተጣሞ ከቀዳዳው ጎን ተሰክቷል። ላስቲኩም በአንድ ጥግ ሁለት ጆሮ አልገባም ነበር። አሁን ፓኔሉ ገጥሟል የሜኑ ቁልፉም እኩል ይመለሳል፣ ከማብራቴ በፊት ግን አንድ የብሎን ማቆሚያ ፕላስቲክ ተሰንጥቆ አየሁ፣ ስጎትተው ነው መሰለኝ። ሱፐር ግሉ ላድርግበት?

ቮልት፦
ይቅርታ እህቴ። ሱፐር ግሉ ተዪው፣ እንፋሎቱ ነጭ ሆኖ በአካባቢው ያርፋል ቁልፎቹ አጠገብ ስለሆነ ራስሽን ታስቸግሪያለሽ። ኢፖክሲ (ሁለቱ ተቀላቅሎ የሚቀባው ማጣበቂያ) ቀብተሽ ክር ጠምጥሚበትና እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ተዪው፣ ብሎኑን በማግስቱ።

ሽቦ_በሽቦ፦
እሺ፣ ኢፖክሲ ቀብቼዋለሁ። የተረፈኝ አንድ ሮንዴላ አለ፣ ከየት እንደመጣ ግን ምንም ሀሳብ የለኝም።

ካርቦን፦
ቢኤንሲ ዳዶዎቹን ቁጠሪያቸው 😂