ክርክር፦ የጓሮ አትክልት የማያ ሕፃናትን ከመቀንጨር ያድናል?

አወያይ፦ ወገኖች፣ የዛሬው ጓቴማላ ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ)። በ2014/15ቱ አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 46.5 በመቶው ቀንጭረዋል፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጭር ነው፤ በማያና በሌሎች ነባር ሕዝቦች ዘንድ 58 በመቶ ገደማ። በየመንደሩ የተያዘው መፍትሔ ጓሮ ማልማትና እናቶችን ስለ አመጋገብ ማስተማር ነው። ገንዘቡ እዚያ መዋሉ ልክ ነው? ስድብ የለም።

ሰብለ፦ ልክ ነው። ደጋው ላይ የድሃ ቤት ማዕድ የበቆሎ ቂጣው ቶርቲያና ጨው፣ ሲገኝ ቦሎቄ ነው። ብዙ እናት ለሕፃኑ የምትሰጠው የቦሎቄውን መረቅ ነው፤ ፍሬው ለትልልቆቹ ይቀራል። ፍሬውን ጨፍልቀሽ ስጪው ብሎ ማስተማር ምን ያስወጣል? አውጡም ቺፒሊኑም እዚያው የሚበቅል፣ አያቶቻቸው የሚበሉት ቅጠል ነው። ማንም ከውጭ አላመጣላቸውም።

ጋሽ ታዬ፦ ሰብልዬ፣ ጓሮው የት አለና? የ1979ኙን የእርሻ ቆጠራ እዪው፦ ከእርሻዎቹ 2.5 በመቶ የሚሆኑት ትልልቆቹ 65 በመቶ ያህሉን መሬት ይዘዋል። ማያው ተዳፋት ላይ ቁራሽ መሬት ይዞ፣ ቡና ሲደርስ ልጆቹን አስከትሎ ለቀማ ይወርዳል። ጓሮውን ማን ውሃ ያጠጣ? ደግሞ «ማስተማር» የምትሉት ነገር ያናድደኛል። እነዚህ ሰዎች በቆሎን በኖራ ውሃ ቀቅለው መፍጨት ከጥንት ያውቃሉ፤ ካልሲየም ይጨምራል፣ በእህሉ ውስጥ የታሰረውን ናያሲን የሚባል ቫይታሚንም ይፈታል። አውሮፓ በቆሎውን ብቻ ወስዳ ብልሃቱን ስለተወች ነው ድሃዋ ናያሲን ሲጎድል በሚመጣው በሽታ፣ በፔላግራ ያለቀው። ታዲያ ማን ነው ተማሪው?

ሰብለ፦ ጋሼ፣ እውቀታቸውን አልካድኩም። ግን መሬቱ እስኪከፋፈል ልጁ ምን ይብላ? ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ።

ሚኪ፦ ሁለታችሁም ቁመቱን ረሳችሁት። ጓሮ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ባብዛኛው የሚያሳዩት ልጆች የሚበሉት አትክልት ዓይነት መብዛቱን ነው፤ መቀንጨር ላይ ያለው ውጤት ደካማ ነው። ቅጠል ቫይታሚን እንጂ በቂ ጉልበትና ፕሮቲን አይሰጥም። የመካከለኛው አሜሪካ የሥነ ምግብ ተቋም ኢንካፕ ከ1969 እስከ 1977 በአራት የጓቴማላ መንደሮች ሙከራ አድርጓል፦ ሁለቱ ፕሮቲን ያለው አትሚት፣ ሁለቱ ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ ይሰጣቸው ነበር። አትሚቱን ከተወለዱ ጀምሮ እስከ 2 ዓመታቸው ያገኙት ወንዶች ካደጉ በኋላ የሰዓት ገቢያቸው 46 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። መንደሮቹ ስፓኒሽ ተናጋሪ ነበሩ፣ የማያ አልነበሩም፤ የልጅ አካል ግን ያው ነው።

ሰብለ፦ ስለዚህ ዶሮ እንጨምር፤ እንቁላል ጓሮ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው።

ጋሽ ታዬ፦ እንቁላሉ ገበያ ወጥቶ በቆሎ ተገዝቶበት ይመለሳል። እናትየው ጥቅሙን ስላላወቀች ይመስልሻል?

ሐና፦ ልጁ የሚጠጣውን ውሃስ ማን አነሳ? በየሳምንቱ የሚያስቀምጠው ልጅ እንቁላሉንም ብትሰጡት አያተርፍም።

ሚኪ፦ ሐና ልክ ናት። ለመንግሥት እንተወው የሚል ካለ ደግሞ፦ በ2012 «ዜሮ ረሃብ» ተብሎ በ2015 መቀንጨርን በ10 በመቶ ሊቀንስ ቃል ተገባ። ፕሬዚዳንቱ በዚያው በ2015 በጉምሩክ ሙስና ቅሌት ሥልጣን ለቀቁ። በ2008/09 49.8 የነበረው ወደ 46.5 ነው የወረደው፤ በቃ።

ሰብለ፦ እሺ፣ ጓሮ ብቻውን ቁመት አይጨምርም፣ ተቀበልኩ። ገንዘቡ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ላሉት ለእንቁላልና ለአትሚት ይሁን፣ ለእናትየውም ጥሬ ብር ይሰጣት። ትምህርቱን ግን አልተውም፤ በካክቺኬል ወይም በኪቼ፣ በራሷ ቋንቋ፣ የሰፈሯ አዋላጅ ትንገራት።

ጋሽ ታዬ፦ አዋላጇ ካስተማረችማ እኔም ዝም እላለሁ። የመሬቱን ነገር ግን ነገም አነሳዋለሁ።