የድሮ ፎቶ ከደብረ ዘይት፦ ይሄ አውሮፕላን ምንድን ነው?

የቢሾፍቱ ልጅ
ሰላም ወዳጆች። አጎቴ በጃንሆይ ዘመን አየር ኃይል ውስጥ መካኒክ ነበሩ። አልበማቸውን ሳገላብጥ ይህን ፎቶ አገኘሁ። ጀርባው ላይ «ደብረ ዘይት» ብቻ ተጽፏል፤ ዓመተ ምህረት የለውም። አውሮፕላኑ ባለ አንድ ሞተር ነው፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና ብሏል። ከፊቱ አምስት ሰዎች ስለቆሙ ግማሹ ተሸፍኗል። አጎቴ ዓይናቸው ደክሟል፣ ፎቶውን መለየት አልቻሉም። ስሙን ብቻ ብነግራቸው ግን ብዙ ያጫውቱኛል። የምታውቁ እባካችሁ።

ሰማይ ጠቀስ
ቲ-28 ይመስለኛል። አፍንጫው ክብ ነው፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ይቀመጥበታል። አየር ኃይላችንም ነበረው።

አሮጌ ክንፍ
ቲ-28 አይደለም። ቲ-28 ከአፍንጫው ሥር ጎማ ስላለው መሬት ላይ አግድም ነው የሚቆመው። ይሄኛው ጭራው ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ የኔ ጥርጣሬ በሁለት ላይ ነው፦ የስዊድኑ ሳብ 17 ወይም የእንግሊዙ ፌሪ ፋየርፍላይ። ሁለቱም ነበሩን።

ለመለየት አፍንጫውን እይ። ፋየርፍላይ ሞተሩ በውሃ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ አፍንጫው ረዘም ያለ ነው፤ ከሥሩ እንደ አገጭ የተንጠለጠለ ራዲያተር አለው። ፓይለቱና አቅጣጫ መሪው (ናቪጌተሩ)ም ለየብቻ ነው የሚቀመጡት፣ በመሀላቸው ድፍን ቆርቆሮ አለ። ያንተ ፎቶ ላይ ግን አፍንጫው ክብ ነው፣ መስታወቱም ሳይቋረጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። ይሄ ሳብ 17 ነው የሚመስለው።

አንድ ነገር ብቻ አረጋግጥልኝ። ከግራ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሰው መሀል የአውሮፕላኑ እግር ይታያል። ከፊቱ ሰፊ ሳንቃ የሚመስል መሸፈኛ አለው? ሳብ 17 ቁልቁል ተወርውሮ ቦምብ የሚጥል አውሮፕላን ነው። ሲወረወር ፍጥነቱ እንዳያመልጠው ፓይለቱ እግሩን ይዘረጋዋል፣ ያ መሸፈኛ ነፋሱን እየገፋ እንደ ፍሬን ያገለግላል። እንዲህ ያለ ብልሃት ሳይ ሁሌም ልቤ ይሞቃል።

እነዚህ አውሮፕላኖች እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ነው የመጡት፤ ከ40 በላይ ነበሩ። አየር ኃይሉን ያደራጀው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። ይህ ሰው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረረልን ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ጎዴ ላይ ሞቶ እዚሁ አገራችን ተቀበረ። ስለሱ የሚያወራ ሰው ማነሱ ያሳዝነኛል።

የቢሾፍቱ ልጅ
አለው! አጉልቼ ስካን ሳደርገው መሸፈኛው ቁልጭ ብሎ ታየ። ለአጎቴ «ሳብ ነው» ስላቸው ቀና ብለው ተቀመጡ። «ጠዋት ጠዋት ፕሮፔለሩን በእጃችን ነበር የምናዞረው፤ ዘይቱ ደግሞ ልብስ አያስለብስም» አሉኝ። ሞተሩ ተበላሽቶ ነው በእጅ የሚያዞሩት?

አሮጌ ክንፍ
ኧረ በፍጹም፣ ጤነኛ ሞተር ነው! የኛ ሳቦች ሞተር ስዊድን ውስጥ የተሠራ ትዊን ዋስፕ ነው፤ ዲሲ-3 የሚባለው የድሮ የመንገደኞች አውሮፕላን ሞተር ዘር። 14 ሲሊንደሮቹ በክብ ስለተደረደሩ የታችኞቹ ተዘቅዝቀው ነው የሚያድሩት። ሌሊት ዘይት እየሰረገ እነሱ ውስጥ ይጠራቀማል። ዘይት ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም። ዝም ብለህ ካስነሳኸው ፒስተኑ ዘይቱን ይገጭና ዘንጉ ይጣመማል። መካኒኩ ቀስ ብሎ በእጁ ሲያዞር እምቢ ካለው ያቆማል፣ የታችኛውን ካንዴላ ፈትቶ ዘይቱን ያወጣል። አጎትህ በመዳፋቸው ነበር የሞተሩን ጤንነት የሚያውቁት።

አሁን ስልክህን አውጣና ድምፃቸውን ቅዳ። የአምስቱን ሰዎች ስም ጠይቃቸው፣ ማን ፓይለት ማን መካኒክ እንደነበረ። ፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እንዳትጽፍ፣ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል። የጎኑ ቁጥር የሚነበብበት ሌላ ፎቶ አልበሙ ውስጥ ካለ እሱንም ለጥፍልን።