ጥቆማ፦ በጨረታ የገዛችሁት የጃፓን ሰይፍ ላይ ያለው አርማ የማን ቤተሰብ እንደሆነ የት ይጣራል?

ካታና ገዝቶ "ይሄ ምልክት የማን ነው" የሚል ሰው ስለበዛ ያሉትን አማራጮች ላወዳድርላችሁ። መጀመሪያ ግን ብር ከማውጣታችሁ በፊት አርማው (ካሞን ይሉታል) የት ቦታ ላይ እንዳለ እዩ፣ እጀታውም ሰገባውም ጌጡም ከስለቱ ተነጥሎ የሚቀየር ስለሆነ የ1500ዎቹ ስለት ከ200 ዓመት በኋላ የተሰራ የሌላ ቤት ሰገባ ለብሶ ሊመጣ ይችላል። ሰገባው ላይ ያለ አርማ የሚናገረው ስለ ሰገባው ነው በቃ።

ከነጻው ልጀምር፣ ለኔ አንደኛ ቡካን ነው። በኤዶ ዘመን (1603–1868) የዳይምዮዎችን (የየግዛቱ ገዢዎች) ስም፣ ገቢና አርማ እየዘረዘረ፣ እየታደሰ ይታተም የነበረ ማውጫ ነው፣ የጃፓን ፓርላማ ቤተ መጻሕፍት በዲጂታል አስቀምጦታል፣ ቁጭ ብሎ ማገላበጥ ነው። ክፋቱ ጃፓንኛ ይፈልጋል፣ ያውም የድሮ ጽሑፍ፣ ደግሞም ያለው የትላልቆቹና የሹማምንቱ እንጂ ተራ ሳሙራይ እዛ አትፈልጉ።

ከመጽሐፍ ጆን ዳወር ስለ ጃፓን አርማዎች የጻፈውን የ1971ዱን አሮጌ ቅጂ ካገኛችሁ ያዙት፣ ከ2,700 በላይ አርማ አለው። ጉግል ሌንስም አይናቅም። ሁለቱም የአርማውን ስም ይነግሯችኋል፣ ስሙና ባለቤቱ ግን ለየቅል ናቸው። የተጠላለፉትን ሁለት የጭልፊት ላባዎች ውሰዱ፣ ሻጭ ሲያያቸው ወዲያው "የአሳኖ ቤተሰብ" ብሎ ይጽፋል፣ የ47ቱ ሮኒኖች (ጌታቸውን ያጡት ታዋቂ ሳሙራዮች) ጌታ ቤት ስለሆነ ዋጋ ይሰቅላል። ግን ላባው ጃፓን ውስጥ በጣም ከተለመዱት አምስት አርማዎች አንዱ ነው፣ የፉኩያማ ግዛት ገዢዎች የነበሩት አቤዎችም ይጠቀሙበታል፣ ሌላም ስንት ቤት አለ። የሚለየው በጥቃቅን ነገር ነው፣ የቱ ላባ ከላይ ነው፣ ዙሪያው ክብ አለው ወይ፣ ላባው ላይ ስንት መስመር አለ። ስለዚህ ፊት ለፊት፣ በጎን ብርሃን፣ ጥርት ያለ ፎቶ አንሱ። ኪሪ ከሆነ (500 የን ሳንቲም ላይ ያለው ተክል) ተስፋ አታድርጉ፣ ሂዴዮሺ (በ1500ዎቹ መጨረሻ ጃፓንን የገዛው) ራሱ ለስንቱ ሸልሞታል። የሳናዳ ቤተሰብ ስድስት ሳንቲሞች ወይ የሺማዙ ቤተሰብ ክብ ውስጥ ያለ መስቀል ከሆነ ግን ፍለጋው ይጠብባል። ባይ ዘ ዌይ የሺማዙን መስቀል አይታችሁ ክርስቲያን ነበሩ እንዴ እንዳትሉ፣ ሚስዮናውያን በ1549 የሺማዙ ግዛት ካጎሺማ ሳይደርሱ በፊት የነበረ ነው።

ኤንቢቲኤችኬ (ቶኪዮ ያለው የሰይፍ ማህበር) ልላክ የምትሉ፣ ለስለቱ ከሆነ አሪፍ ነው፣ ሰሪውን፣ ዘመኑንና ፊርማውን ይመረምራሉ፣ ጌጡንም ለብቻ ካስገባችሁ ያዩታል። የማን ቤት ሰይፍ ነበር የሚለውን ግን ከነሱ አትጠብቁ፣ ደግሞ ጃፓን ለማስገባት ምዝገባው፣ ወኪሉ፣ ጥበቃው ብዙ ጣጣ አለው። ለአርማ ብላችሁ አትላኩ።

ኦንላይን "በአንድ ፎቶ ቤተሰቡን እንነግራችኋለን" የሚሉ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ፈላጊዎች አሉ፣ እለፏቸው። በዛ ፈንታ አሜሪካ ያላችሁ የጃፓን ሰይፍ ማህበሩን (ጄኤስኤስዩኤስ)፣ እንግሊዝ ያላችሁ ቶከን ሶሳይቲን ፈልጉ፣ ሰይፉን በእጁ ይዞ የሚያገላብጥ ሰው ከየትኛውም አፕ ይሻላል። የጨረታ ካታሎግ ስታነቡም "የቶኩጋዋ (በኤዶ ዘመን ጃፓንን የገዛው ቤት) አርማ ያለበት" እና "ከቶኩጋዋ ቤተሰብ የመጣ" የሚሉትን ለዩ፣ ሁለተኛውን ካለ ወረቀቱን ጠይቁ።

ስለ ጦርነቱ ሰይፍ ምልክት ለጠየቀው ወንድማችን፣ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ጉንቶ (የጃፓን ጦር ሰይፍ) ላይ እጀታው ጫፍ ያለችው ትንሽ የብር ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የመኮንኑ ቤተሰብ አርማ ናት፣ ሳሙራይ ነበር ማለት ግን አይደለም፣ ነጋዴውም ገበሬውም አርማ ነበረው። መኮንኑን ለመከታተል እጀታውን ፈታ አድርገህ ውስጥ የተጻፈ ስም ካለ እይ፣ እጀታው ውስጥ የሚገባውን ብረት ዝገት ግን እንዳትፈትግ፣ ዘመኑ የሚታወቅበት አንዱ መንገድ እሱ ነው።