ክርክር፦ ትንሽ መኪና ላይ ናፍጣ ሞተር ያዋጣል?

ጀማሪ ሾፌር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሞተሯ አንድ ሊትር አካባቢ የሆነ ያገለገለች ትንሽ መኪና ልገዛ ነው። ግማሹ ሰው «ናፍጣ ያዢ፣ ነዳጅ አትጠጣም» ይለኛል። ግማሹ ደግሞ «በትንሽ መኪና ናፍጣ ራስ ምታት ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የምነዳው ከተማ ውስጥ፣ አጭር አጭር መንገድ ነው። እስቲ ተከራከሩልኝ፣ እኔ ዳር ቁጭ ብዬ ላዳምጥ።

ናፍጣ ወዳጅ፦ ምኑ ያከራክራል እህቴ? ናፍጣ! አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ኃይል አለው። እመቃውንም ተመልከቺ። ቤንዚን ሞተር አየሩን አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 እጥፍ ያምቃል፤ ናፍጣ ከ14 ጀምሮ እስከ 22 ይሄዳል። እመቃ ሲጨምር ከዚያው ነዳጅ የሚገኘው ሥራ ይጨምራል። ይሄ ፊዚክስ ነው፣ የመንገድ ወሬ አይደለም። ምሳሌ ካስፈለገ ፎልክስዋገን ሉፖ 3ኤል አለች። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣች፣ ባለ 1.2 ሊትር፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ናፍጣ። መቶ ኪሎ ሜትር በ3 ሊትር!

ቁልፍ 13፦ ሉፖን አንስተህ ግማሹን ታሪክ ዋጥከው። እዚያ 3 ሊትር ላይ ያደረሳት ሞተሯ ብቻ አይደለም። ክብደት ለመቀነስ አሉሚኒየም ገብቶባታል። ጎማዋ ቀጭን ነው። ማርሹን ራሷ ትቀይራለች። መብራት ላይ ስትቆም ሞተሯ ይጠፋል። ይህን ሁሉ ለቤንዚን መኪና ብታደርግላት እሷም ትቆጥብልህ ነበር። ዋጋዋም ቀላል አልነበረም። በ2005 ምርቷ ቆመ።

ናፍጣ ወዳጅ፦ ቢሆንም ሞተሩን ቤንዚን አላደረጉትም። ለምን ይመስልሃል?

ሒሳብ ያዥ፦ እኔ ከሞተሩ ይልቅ ቁጥሩ ላይ ልቁም። ለምሳሌ ያህል በመቶ ኪሎ ሜትር ትልቋ መኪና በቤንዚን 10 ሊትር፣ በናፍጣ 7.5 ሊትር ትጠጣ እንበል። ትንሿ በቤንዚን 5፣ በናፍጣ 4። ሁለቱም በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ትልቋ 250 ሊትር ታተርፋለች፣ ትንሿ 100። አሁን ወጪውን እይ። ዘመናዊ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን እስከ 2000 ባር በሚደርስ ግፊት ነው የሚረጨው። ቀላሉ ቤንዚን ሞተር ላይ ግን 3 ወይም 4 ባር ይበቃል። ያ ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ፣ ነዳጁን የሚረጩት ኢንጀክተሮች፣ አየር ገፍቶ የሚያስገባው ተርቦ፣ የጥላሸት ማጣሪያው መኪናዋ ስላነሰች ዋጋቸው በግማሽ አይቀንስም። መኪናዋ ባነሰች ቁጥር ትርፉ ይቀንሳል፣ ወጪው ግን እዚያው ነው። የእኔ ነጥብ ይህች ብቻ ናት፣ ግን ማን እንደሚመልሳት አይታየኝም።

ፍሪሲዮን፦ እኔ ልሞክር። ከተማ ውስጥ ቀስ እያልሽ ስትሄጂ ቤንዚን ሞተር አየሩን መግቢያው ላይ አንቆ ነው የሚሠራው። ባነቀ ቁጥር ኃይል ይባክናል። ናፍጣ አያንቅም፣ የሚቀንሰው የሚረጨውን ነዳጅ ነው። ስለዚህ የናፍጣ ብልጫ በደንብ የሚታየው ልክ እዚህ፣ በዝግታ ጉዞ ላይ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ ልክ ነህ፣ ግን ያ የሚበረታው ትልቅ ሞተር ላይ ነው። 3 ሊትር ቤንዚን ሞተር ከተማ ውስጥ አቅሙን ሳይነካ ነው የሚውለው፣ ሁሌም ታንቆ። አንድ ሊትሯ ግን ያችኑ መኪና ለመጎተት ሁሌም ትለፋለች። የአየር መግቢያውን ብዙ ስለምትከፍትላት የምትታነቀው ትንሽ ነው። ሞተሩን ማሳነስ ራሱ የናፍጣን ብልጫ ግማሹን ወስዶበታል ማለት ይቻላል።

ፍሪሲዮን፦ እሺ፣ ይህችን አልካድኩም።

ቁልፍ 13፦ ከኮፈኑ ሥር ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ናፍጣ የሚቀጣጠለው ሲታመቅ በሚፈጠር ሙቀት ነው፣ ካንዴላ አይለኩሰውም። ሲሊንደር ሲያንስ ግን ከይዘቱ አንፃር ግድግዳው ይበዛል፣ ሙቀቱም በግድግዳው ቶሎ ይሸሻል። ስለዚህ ትንሽ ናፍጣ ጠዋት በብርድ ስትነሳ ታስቸግራለች። ሲሊንደሩን ቀድሞ የሚያሞቀው ማሞቂያ ከደከመማ እርሺው። ንዝረቱም አለ። የታመቀው ኃይል ከባድ፣ ሲሊንደሩ ሁለት ወይም ሦስት፣ መኪናዋ ቀላል። መስታወቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ2015 ህንድ ውስጥ ሴለሪዮ የምትባል ትንሽ መኪናው ላይ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 793 ሲሲ ናፍጣ ሞተር ገጥሞ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተወው።

ናፍጣ ወዳጅ፦ ስለ ሞቱት ብቻ አታውሩ። የስማርት 0.8 ሊትር ናፍጣስ? ሦስት ሲሊንደር፣ 41 የፈረስ ጉልበት። ከ1999 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ተሸጧል። ካናዳ ውስጥ እንዲያውም ስማርት መጀመሪያ የገባችው በናፍጣ ብቻ ነበር። ጉልበቱ ሞተሩ ገና በዝግታ ሲዞር ነው የሚመጣው፣ ማርሽ ሳትቀይሪ ዳገት ትወጪያለሽ። ይህን በአንድ ሊትር ቤንዚን ሞክሪው፣ እያገሳ ነው የሚወጣው።

ቁልፍ 13፦ ስማርት በሚቀጥለው ትውልድ ናፍጣውን አልመለሰውም፣ እሱንም ጨምርበት። ጃፓኖቹ በ660 ሲሲ ክልል ውስጥ ስንት ዓመት ትናንሽ መኪና ሲሠሩ ኖሩ? ሁሉም ቤንዚን። ነዳጅ መቆጠብ ስለማያውቁ ነው?

ንጹሕ አየር፦ ማንም ጭሱን አለማንሳቱ ገረመኝ። ናፍጣ ናይትሮጅን ኦክሳይድና ጥላሸት ይተፋል። ዩሮ 5 በሚባለው የአውሮፓ የጭስ ሕግ ናፍጣ መኪና በኪሎ ሜትር እስከ 180 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይፈቀድለት ነበር። ቀጣዩ ሕግ፣ ዩሮ 6፣ ወደ 80 አወረደው። የቤንዚኑ 60 ነው። ያንን ለማሟላት ተጨማሪ ማጣሪያ፣ አንዳንዴም ዩሪያ የሚረጭ ዕቃ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 የፈነዳውን የፎልክስዋገን ቅሌት አስታውሱ፤ ሶፍትዌሩ ምርመራ ላይ መሆኑን እያወቀ ጭሱን ይቀንስ ነበር። ትንሿን ናፍጣ የገደላት በዋናነት ይሄ የማጣሪያ ወጪ ነው። ህንድ ውስጥ ብዙ ትናንሽ መኪና የሚሸጠው ማሩቲ ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ2019 ከቀጣዩ ሚያዝያ ጀምሮ ናፍጣ እንደሚያቆም ሲናገር ምክንያቱ አዲሱ የጭስ ሕግ የሚያመጣው ዋጋ ነበር።

ናፍጣ ወዳጅ፦ ካርቦኑስ? አነስተኛ ነዳጅ፣ አነስተኛ ካርቦን።

ሒሳብ ያዥ፦ ሊትር በሊትር አታወዳድር። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.6 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፣ ቤንዚን ወደ 2.3። ቅድም ባነሳሁት ምሳሌ 20 በመቶ ሊትር ብትቆጥብም የካርቦኑ ልዩነት ከ10 በመቶ አይበልጥም።

ፍሪሲዮን፦ ለቤንዚንም ጥብቅና አንቁም እንጂ። በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት ዘመናዊዎቹ ቤንዚን ሞተሮችም ጥላሸት አላቸው። ለዚህ ነው አውሮፓ ውስጥ አሁን ለእነሱም ማጣሪያ የሚገጠመው።

ጀማሪ ሾፌር፦ ወይ ጉድ፣ ብዙ ተማርኩ። ግን የእኔን መንገድ ረሳችሁት። አጭር አጭር ነው ያልኳችሁ።

ቁልፍ 13፦ እንግዲያው ለአንቺ ክርክሩ አልቋል። የጥላሸት ማጣሪያ ራሱን የሚያጸዳው ጭሱ ወደ 600 ዲግሪ ሲደርስ ነው። አጭር መንገድ ላይ እዚያ አይደርስም። ማጣሪያው ይደፈናል። መኪናዋ ለማጽዳት ስትሞክር ተጨማሪ ናፍጣ ትረጫለች፣ መሐል ላይ ሞተሩን ታጠፊያለሽ፣ ያ ናፍጣ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይት መለኪያው ላይ ዘይት *ጨምሮ* ካየሽ ደስ አይበልሽ፣ ናፍጣ ነው። ለአንቺ ቤንዚን፣ በተለይ ተርቦ የሌለው፣ ቀላሉ ሞተር።

ናፍጣ ወዳጅ፦ ማጣሪያ የሌላት አሮጌ ናፍጣስ?

ንጹሕ አየር፦ ከኋላዋ የሚሄደው ሰው ይታነቅ ነው የምትለው?

ናፍጣ ወዳጅ፦ ኧረ እሺ። በየቀኑ ረጅም የገጠር መንገድ ለሚነዳ ሰው ግን ትንሽ ናፍጣን ከእጄ አታስጥሉኝም።

ሒሳብ ያዥ፦ ለእሱ አዎ። በዓመት 40,000 ኪሎ ሜትር ከሆነ በዚያው ምሳሌ ቁጠባው 400 ሊትር ይደርሳል፣ ማጣሪያውም ይሞቃል። ብቻ ከመግዛቱ በፊት የኢንጀክተሮቹን ዋጋ ይጠይቅ።

ጀማሪ ሾፌር፦ ነገ የማያት መኪና ቤንዚን ናት። ምን ልይ?

ቁልፍ 13፦ ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሺ፤ የሞተር ችግር በደንብ የሚታየው በብርድ ሲነሳ ነው። ቀድመው አሙቀው ከጠበቁሽ ሌላ ቀን እመለሳለሁ በያቸው።