እየጠፋ የሚመለሰው የቼክ ኢንጂን መብራት

መኪና የሚገባችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ። የ2007 ሞዴል ቶዮታ ያሪስ፣ ቤንዚን ነው የምነዳው። ከሱሉልታ አዲስ አበባ እመላለስበታለሁ። ቼክ ኢንጂን ይበራል፣ በስካነር (የመኪናውን የብልሽት ኮድ በሚያነበው መሣሪያ) ይጠፋል፣ የእንጦጦን ዳገት ጥቂት ቀን ከወጣሁ በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ኮዱ ሁሌ ፒ0420 ነው። ካታላይዘሩ፣ ማለትም ጭስ ቱቦው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ፣ በደንብ አያጣራም ማለት ነው። ጉልበቷ ግን ያው ነው፣ ዘይትም አትበላም።

አንዱ ጋራዥ የኋላውን ኦክስጅን ሴንሰር (ከካታላይዘሩ በኋላ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን) አስቀየረኝ። ገንዘቤን በላ እንጂ ምንም ለውጥ የለም። ሌላው ደግሞ «ካታላይዘሩን አውጥተህ ጣለው» ይላል። ይሄ አይዋጥልኝም። መርዛማውን ጋዝ የሚያጣራው እሱ አይደል እንዴ? ኮዱም ቢሆን በዚህ አይጠፋም።

ሞተሩ ሞቆ በስካነር ሳየው የኋላው ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.8 ቮልት ይዋልላል። ካታላይዘሩ ደህና ቢሆን 0.6 ወይም 0.7 አካባቢ ረጋ ማለት ነበረበት። ግን ሌላም ነገር አለ። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ሳስነሳት ማኒፎልዱ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው) ከጭስ ቱቦው የሚገናኝበት ጋ «ጭ፣ ጭ፣ ጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። መገጣጠሚያው ላይ ጥላሸት አይቻለሁ። በዚያ ቀዳዳ አየር እየገባ ሴንሰሩን እያሳሳተው ይሆን?

መጀመሪያ የመገጣጠሚያውን ጋስኬት (ማሸጊያውን) ልቀይር ወይስ ካታላይዘሩ አብቅቶለታል? ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ውስጥ፣ ያገለገለ ካታላይዘር ብገዛስ፣ ውስጡ ባዶ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ? በሱሉልታ በኩል ወይም ሽሮሜዳ አካባቢ የጭስ ቱቦ ቀዳዳ በደንብ የሚፈትሽ መካኒክ የምታውቁ ካላችሁም ጠቁሙኝ።