ጓደኛዬ ሸሸኝ፣ ሌላ ሰው ልጨምር?

ሰላም ወንድሞችና እህቶች፣ ግራ ገብቶኝ ነው። አብሮኝ የሚጸልይ የልብ ጓደኛዬ ስልክ ላይ በሚቆረጥ የስፖርት ውርርድ ተይዟል። ለሚስቱ ደሞዝ ዘገየ ይላታል፣ እኔም ውሸቱን እንድሸፍንለት ጠየቀኝ። ማቴዎስ 18፥15 እንደሚለው ለብቻችን ሆነን እንቢ አልኩት፤ አልጮህኩበትም፣ አላዋረድኩትም። ዝም ብሎ ሰማኝና ተነስቶ ሄደ። አሁን መልእክቴን ያነባል፣ አይመልስም። ጸሎት ላይም ሌላኛው ጥግ ሄዶ ይቀመጣል።

ምሳሌ 27፥6 ወዳጅ ቢያቆስልም የታመነ ነው ይላል፣ እሺ፣ የቆሰለው ሰው ከሸሸስ? ማቴዎስ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ ይላል፣ የተያዝኩት እዚህ ጋ ነው፤ ሰው ከጨመርኩ ምስጢሩን አወጣሁበት፣ ዝም ካልኩ ደግሞ ትዳሩ ሲፈርስ ቆሜ እያየሁ ነው። ዮናታን ዳዊትን ጥሻ ድረስ ሄዶ በእግዚአብሔር አበረታው (1ኛ ሳሙኤል 23፥16)፣ እኔም መጀመሪያ ሳልወቅስ ቤቱ ልሂድ እያልኩ ነው። (“ጊዜ ስጠው” የሚሉኝ አሉ፣ ውርርዱ ግን ጊዜ አይሰጥም።)

የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ሁለተኛውን ሰው እንዴት መረጣችሁ? የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይሻላል ወይስ የጋራ ጓደኛ? ሰው እንደምጨምርስ ቀድሜ ልንገረው?