የጀጎልን ቤቶች በኢንተርኔት መሰነድ፦ የጋራ ዕቅዳችን ውይይት

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በስብሰባው እንደተባባልነው የሐረር ጀጎልን (በግንብ የታጠረችውን አሮጌ ከተማ) ሥነ ሕንፃ በኢንተርኔት የሚሰንደውን ማኅደር ዕቅድ እዚህ እናብስለው። መነሻ እንዲሆነን አጭር ረቂቅ ጽፌአለሁ። አትራሩለት።

«ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። 82 መስጊዶችና 102 የአዋች መካናት (የወሊዮች መታሰቢያ ሥፍራዎች) አሏት። ማኅበራችን የግንቡን፣ የበሮቹን፣ የመስጊዶቹን፣ የአዋች መካናቱንና የመኖሪያ ቤቶቹን ፎቶግራፍ ሰብስቦ በአንድ ድረ ገጽ ያስቀምጣል። ሥራው በአንድ ዓመት ይጠናቀቃል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስጽፋት እኔም ስቄአለሁ።

አርክቴክት፦
ሰብሳቢያችን፣ ከአንድ ዓመቱ በፊት «ፎቶግራፍ ሰብስቦ» የሚለው ይስተካከልልኝ። ፎቶማ ሞልቷል። ሐረር ሄዶ የበር ፎቶ ሳያነሳ የተመለሰ ሰው የለም። የጎደለው የቤቱ መዝገብ ነው። ለአንድ ቤት አንድ መለያ ቁጥር እንስጥ። ከሥሩ ፎቶው፣ የወለል ፕላኑ፣ ልኬቱ፣ ግድግዳው በምን እንደተሠራ፣ መቼ ምን እንደተቀየረ ይግባ። ፎቶ ብቻ ከያዝን ቆንጆ አልበም ይኖረናል። ቤቱ ነገ ቢፈርስ ግን መልሶ ለመገንባት የሚረዳ አንድ ልኬት አናገኝም።

ሌላው፣ «የመኖሪያ ቤቶች» ስንል የትኞቹን ነው? ጀጎል ውስጥ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው ጌይ ጋር ነው፤ የሐረሪው ባህላዊ ቤት፣ ምድር ላይ ሦስት ክፍል ሆኖ የአገልግሎት ቤቶቹ ግቢው ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1887 በኋላ የመጡ የሕንድ ነጋዴዎች የሠሩት ነው፤ ፎቅና ምድር፣ በረንዳው ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ። ሦስተኛው የሁለቱ ድቅል ነው። ሁሉም ሰው ጌይ ጋሩን ለማንሳት ይሮጣል። ድቅሎቹን ግን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ለእኔ ግን ከተማዋ እንዴት እንደተለወጠች በደንብ የሚታየው እነሱ ላይ ነው።

አንድ መስክ ደግሞ አደራ፦ «ልስን»። የድሮው ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ሆኖ በኖራ ይቀባል፤ የገባበትን እርጥበት ያስወጣል። በሲሚንቶ ከተለሰነ ግን እርጥበቱ እዚያው ይታመቃል። ልስኑ ይነፋል፣ ይላጣል፣ ውስጥ ውስጡን ግድግዳው ይጎዳል። የትኛው ቤት በምን እንደተለሰነ ብናውቅ ለጥገና ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

የጀጎል ነዋሪ፦
ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ግን ቤት ቤት ስትል ሰው የሚኖርበት መሆኑን እንዳትረሳ። እኛ ሰፈር በር የሚያንኳኳ ባለካሜራ አይጠፋም።

ጌይ ጋር ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ነደባውን ነው። ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሠራው መቀመጫ ማለት ነው። አምስት ነው፣ እያንዳንዱም የራሱ ተቀማጭ አለው። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው የሚገባውን ያያል። ጊዲር ነደባ ሰፊው ነው፣ ቤተሰብም እንግዳም ይቀመጥበታል። ጢት ነደባ አለ፣ ከበሩ ኋላ ያለው ገብቲ ኤሄር ነደባ አለ። ሱትሪ ነደባ ደግሞ ከእንግዳ ዓይን ከለል ያለ ነው። ማን የት ድረስ እንደሚገባ፣ ማን ምን እንደሚያይ ቤቱ ራሱ ወስኗል። እኛ አሁን ሱትሪውን አንስተን ለዓለም ሁሉ ልንለጥፈው ነው?

ምንጣፉንም አስቡት። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚሰቀለው ምንጣፍ ቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ እንዳለችው ያሳውቃል። ከውጭ የመጣ ፎቶ አንሺ ጌጥ መስሎት ያነሳዋል። ከነአድራሻው ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

እኔ የምለው፣ ማኅደሩ የቤቱን ሥርዓት ይከተል። እንግዳ የሚያየውን ሁሉም ይየው። ከለል ያለው ከለል ይበል።

የዳታ ባለሙያ፦
እህቴ ያነሳሽው በቴክኒክም ይሠራል። ሦስት የመግቢያ ደረጃ እናድርግ። የቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱና ዓይነቱ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። የወለል ፕላን፣ ልኬትና የውስጥ ፎቶ ተመዝግቦ ምክንያቱን ለጻፈ ተመራማሪና ለጥገና ባለሙያ ይከፈታል። ባለቤቱ «ይቀመጥ እንጂ አይታይ» ያለው ደግሞ ለእሱና ለቤተሰቡ ብቻ። ደረጃው ለእያንዳንዱ ፎቶ ለየብቻ ይሰጣል፤ አንድ ቤት ሦስቱም ደረጃ ሊኖረው ይችላል። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፣ ሰው ሐሳቡን ሲቀይር መሰረዝም ይቻል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሕግም ነው።

ስለ ሶፍትዌሩ። ሁለት ነጻ አማራጮች አሉ። አርችስ በተለይ ለቅርስ ምዝገባ የተሠራ ነው፤ የጌቲ ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ያበለጸጉት። በካርታ ላይ በጣም ጎበዝ ነው፤ ግን የሚንከባከበው ባለሙያ ሁልጊዜ ይፈልጋል። ኦሜካ ቀለል ይላል። ለመዝገብ ደብሊን ኮር የሚባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ አመዘጋገብ ደረጃ 15 መሠረታዊ መስኮች አብረውት ይመጣሉ፣ የጎደለውን እኛ እንጨምራለን። ያለን የሰው ኃይል ሲታይ እኔ ኦሜካን እመርጣለሁ። መረጃውን ንጹሕ አድርገን ከያዝን ወደፊት ወደ አርችስ ማሻገር አይከብድም።

የሚያሳስበኝ ፍለጋው ነው። አንዱ በር አስማዲን በሪም ነው፣ ሸዋ በርም ነው። ሱቁጣጥ በሪ ለሌላው ሰንጋ በር ነው፣ አርጎ በሪ ደግሞ ኤረር በር። የሐረሪ፣ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ ስሞቹ ሁሉ በአንድ መዝገብ ሥር ካልገቡ ሰው ፈልጎ አያገኝም። ፊደሉም አለ፤ አንዱ «ሐረር» ሌላው «ሀረር» ብሎ ይጽፋል። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ቆጥሮ የሚፈልግ ቅንብር ከመጀመሪያው ቀን ይኑር። ለቀን መቁጠሪያም የግዴታ መስክ ይሁን፤ የኢትዮጵያ፣ የአውሮፓ ወይስ የሂጅራ? ያለዚያ ቢያንስ ሰባት ስምንት ዓመት የሚዋዥቅ ታሪክ እንጽፋለን።

ፋይሉን ዋናውን ጥራቱን ሳይቀንስ በሚይዘው በቲፍ፣ ለዕይታ በትንሽ ጄፔግ እንያዝ። አብዛኛው ሰው በሞባይል ዳታ ነው የሚከፍተው።

የታሪክ መምህር፦
ልጆቼ፣ ጥሩ እየሄዳችሁ ነው። እኔ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ፤ «ይባላል» እና «ተረጋግጧል» ለየብቻ መስክ ይሰጣቸው።

ምሳሌ ልስጥ። የራምቦ ቤት የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ ሐረር እየተመላለሰ መነገዱ እርግጥ ነው። ቤቱን ያሠራው ግን ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ራምቦ እዚያ መኖሩም አጠራጣሪ ነው። «የራምቦ ቤት» ብለን ብቻ ከመዘገብን ስህተቱን አጸናነው ማለት ነው። ስሙን ብንሰርዘው ደግሞ ፈልጎ የሚያገኘው አይኖርም። ስለዚህ የሚጠራበት ስም በአንድ መስክ፣ የሠራው ሰው በሌላ፣ የማስረጃው ዓይነት በሦስተኛ።

ግንቡም እንደዚያው ነው። ከተማው የሚለው አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሠራው ነው። የዩኔስኮ መዝገብ ደግሞ ከ13ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ይላል። ሁለቱም ይጻፉ፣ ከየት እንደተገኙ ተጠቅሶ።

ሽማግሌዎችን ስትቀዱም ድምፁን ሙሉውን አስቀምጡ። ማጠቃለያ ጽፋችሁ ቅጂውን እንዳትጥሉ አደራ።

ውጭ አገር ያለ አባል፦
ጋሼ፣ ያሉት ይመዝገብ። እኔ ከዚህ ማገዝ የምችለው በድሮ ፎቶ ነው። እዚህ ያሉ ቤተሰቦች አልበም ውስጥ ሠርግ፣ ዒድ፣ ምረቃ ሲነሱ ከኋላቸው በር ይታያል፣ ግድግዳ ይታያል፣ ዛሬ የሌለ ነደባ ይታያል። የሙሽራ ፎቶ ተብሎ የተነሳው ለእኛ የቤት ማስረጃ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ሙጭጭ እላለሁ፤ ኦሪጅናሉን አንወስድም። ስካነር ይዘን ቤታቸው ሄደን፣ እዚያው ቀድተን፣ እዚያው እንመልስ። «ለማኅደር» ተብሎ ተወስዶ የቀረ አልበም ስንት ቤተሰብ አስቀይሟል! መብቱንም እንይ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ የቅጂ መብት ጥበቃ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ጊዜው ያለፈም ቢሆን ቤተሰቡን ሳናስፈቅድ አንልጠፍ። ሕጉ ፈቀደ ማለት ሰዎቹ ፈቀዱ ማለት አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፦
እናንተ ስትናገሩ እኔ ስደምር ነበር። በስብሰባው የተነሳው በድሮን ከላይ የማንሳት ሐሳብ ይውጣልኝ። ያለ ፈቃድ አይበርም፣ ፈቃዱ ጊዜ ይፈጃል፣ ግቢያቸው ውስጥ ያሉ ሴቶችም ከሰማይ ሲታዩ ደስ አይላቸውም። የሜትር ገመድ፣ የሌዘር መለኪያ፣ አንድ ደህና ካሜራ፣ አንድ ስካነር ለጊዜው ይበቃል።

ዋናው ጥያቄዬ ግን ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ነው። ለሰርቨር በየዓመቱ ይከፈላል፤ የውጭ ድርጅት ከሆነ በዶላር። ለጋሹ ሪባን ቆርጦ ይሄዳል። አራተኛው ዓመት ላይ የሚከፍለው ማን ነው? ምርቃቱ የደመቀ፣ ከዓመት በኋላ ግን የማይከፈት ድረ ገጽ ስንት አይተናል! በጀቱ ውስጥ የአምስት ዓመት ሰርቨር አስቀድሞ ካልተያዘ እኔ አልፈርምም።

የዳታ ባለሙያ፦
እትዬ እጅዎን ልሳመው! ከሰርቨሩ ሌላ ቅጂም ይያዝልን። በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሐረር ውጭ። አንዱን ሙሉ ቅጂ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለስልጣን ብንሰጥስ?

የጀጎል ነዋሪ፦
ሦስተኛውን ደረጃ ሳይጨምር ከሆነ እሺ። ለቤተሰቡ ብቻ የተባለው ለማንም አይሰጥ።

ሰብሳቢ፦
ተቀብያለሁ። አሁን ከየት እንጀምር? እኔ ያሰብኩት ከመስጊዶቹ ነበር።

አርክቴክት፦
መስጊዶቹ ቢያንስ ዝርዝር አላቸው፤ ቶሎ የሚለወጡት ቤቶቹ ናቸው። ከመኪና ግርግር እንጀምር። ከፈረስ መጋላ አደባባይ የሚነሳው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ማለቴ ነው። ፊታቸው ሱቅ ስለሆነ ከውጭ ለማንሳት ብዙ አያስቸግርም። ልኬት እንለማመድበታለን፣ ቅጹንም እንፈትንበታለን። ከዚያ ወደ ውስጥ፣ በፈቃድ።

የጀጎል ነዋሪ፦
በዚህ እስማማለሁ። ፈቃድ ስትሉ ግን ከሁለት ወገን እንደሆነ ይጻፍ። የቀበሌ ቤት የሚኖር አለ፣ ተከራይ አለ። ባለቤቱ እሺ ብሎ ነዋሪው እምቢ ካለ ውስጡ አይነሳም።

እግረ መንገዳችሁን ትንንሾቹን ነገሮች መዝግቡ። ግንቡ ሥር ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ዋራባ ኑዱል እንለዋለን። ቱሪስት ሁሉ ማታ ጅብ ሲበላ ለማየት ይጋፋል፣ ጅቡ የሚገባበትን ግን ልብ የሚለው የለም። አንድ ቀን በድንጋይ ተደፍኖ ቢገኝ ነበረ የሚል ማስረጃ ይኑረን።

ሰብሳቢ፦
እሺ፣ የተሻሻለው ረቂቅ ይኸውላችሁ፦

«ማኅበራችን የሐረር ጀጎልን ቤቶችና ሕንፃዎች አንድ በአንድ የሚመዘግብ የኦንላይን ማኅደር ያቋቁማል። የመዝገቡ መነሻ ሕንፃው ነው፤ ፎቶ፣ ልኬት፣ ፕላን፣ የተቀዳ ድምፅና የቤተሰብ ፎቶ ከሥሩ ይገባሉ። ጌይ ጋር፣ የሕንድ ነጋዴዎች ቤትና ድቅሎቹ በእኩል ዓይን ይታያሉ። የሚባለውና የተረጋገጠው ተለይቶ ይጻፋል። የውስጥ ክፍል የሚመዘገበው ባለቤቱም ነዋሪውም በጽሑፍ ሲፈቅዱ ብቻ ሲሆን፣ ማን እንደሚያየው የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ኦሪጅናል ፎቶና ሰነድ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። የመጀመሪያው ምዕራፍ በመኪና ግርግር ይጀመራል። የሁለተኛው ምዕራፍ ጊዜ የሚወሰነው የመጀመሪያው ከተገመገመ በኋላ ነው። በጀቱ የአምስት ዓመት የሰርቨር ወጪን ያካትታል።»

አንድ ዓመት የሚለውን እንዳያችሁት አውጥቼዋለሁ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚያስፈልገን ከባለስልጣኑ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

የታሪክ መምህር፦
«በእኩል ዓይን» የምትለዋን ወድጃታለሁ። የድምፁን ቅጂ ሙሉውን ማስቀመጥ ግን አልገባም።

ሰብሳቢ፦
ገብቷል ጋሼ፣ አሁን ጨመርኩት።

ገንዘብ ያዥ፦
እፈርማለሁ።

የጀጎል ነዋሪ፦
እኔ ግን ገና። ረቂቁ ወደ ለጋሽም ሆነ ወደ መሥሪያ ቤት ከመሄዱ በፊት የእናቴ አፎቻ (የሴቶቹ መረዳጃ ማኅበር) ይስማው። ቤቱን የያዙት ሴቶቹ ናቸው፤ እነሱ ሳያምኑበት ወንዶቹ ቢፈርሙም በር አይከፈትም። ከቡድኑም ገብተው የሚለኩና የሚያነሱ ሴቶች ይኑሩበት። በሚቀጥለው ሲሰበሰቡ ረቂቁን በሐረሪ አነብላቸዋለሁ፣ ያሉትንም እዚህ እጽፋለሁ። እስከዚያ ካሜራ ይዛችሁ እንዳትመጡብኝ።